ውሃ አጠገቡ እያለ የተጠማው ቃርያ

ጥር አጋማሽ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የሌሊት ተረኝነቴን ጨርሼ ቤት ስደርስ ልጄ ቦርሳውን እንዳነገተ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ጥሎት ሄዷል። “እማ፣ ቃርያ ዓይኑን አልገልጥ አለ” አለኝ።

ቃርያ እስስት ነው። ስሙን ያወጣለት ልጄ ነው፤ አረንጓዴ ነው፣ ጫፉ ይጠማዘዛል፣ ሲነኩት ይቆጣል። የምንኖረው ኮሎራዶ፣ ከዴንቨር ጋር በተያያዘችውና ሐበሻ በሚበዛባት በኦሮራ ከተማ ነው። እኔ ነርስ ነኝ፤ የምሠራው የኩላሊት ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል ነው። ያን ሌሊት እንኳ የሰው ሽንት ስለካ፣ ቀለሙን ሳይና ስመዘግብ ነበር ያደርኩት። ከዚያ ቤቴ ገብቼ፣ ሳሎኔ ጥግ ላይ ለሳምንታት በጥም ሲደርቅ የከረመ ፍጡር ፊት ቆምኩ። እንዴት እንዳመለጠኝ እስካሁን ያናድደኛል። የሆነውን ከነስህተታችን ማስፈሬም ለዚሁ ነው።

አመጣጡ

ልጄ 13 ዓመቱ ነው። እስስት ካልገዛችሁልኝ እያለ ዓመት ሙሉ ነዝንዞናል። ባለቤቴ በመጨረሻ “ውሻ ይሻላል” እስከማለት ደርሶ ነበር፤ ውሻ ሳሎን ማስገባት ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ያውቀዋል። እኛ አገር እስስት ስድብ ነው። ቃሉን የሚያጥፍ፣ ከነፈሰው ጋር የሚነፍስ ሰው ነው እስስት የሚባለው። ልጅ ሆነን አጥር ላይ ካየናት በእንጨት እንነካካት ነበር እንጂ በእጁ የሚይዛት አልነበረም። እናቴ በስልክ ስነግራት “አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?” ብላ ብዙ ዝም አለች።

ለማንኛውም መስከረም ላይ ከአንድ የተሳቢ እንስሳት ገበያ በ60 ዶላር ገዛነው። ያኔ የአራት ወር ልጅ ነበር። ዝርያው የየመን እስስት ይባላል፤ ሳይንሳዊ ስሙ ካሜሌዮ ካሊፕትራተስ ነው፤ የትውልድ አገሩ የመንና የሳውዲ ዐረቢያ ደቡብ ምዕራብ ነው። ራሱ ላይ እንደ ራስ ቁር የቆመ ጉልላት አለው። ወንድ መሆኑም ከተፈለፈለበት ቀን ጀምሮ በኋላ እግሮቹ ተረከዝ ላይ ባለች ትንሽ ጉጥ ይታወቃል። በአሜሪካ ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ እዚሁ በሰው እጅ የተፈለፈሉ ናቸው።

ነጋዴው ሙሉ ዕቃ አብሮ ሸጠልን፦ 40 በ40 በ75 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሽቦ ቤት፣ የፕላስቲክ ቅጠሎች፣ ጥቅልል የአልትራቫዮሌት አምፖል፣ ባለ 100 ዋት ማሞቂያ አምፖል፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት ቀስት ያለው የእርጥበት መለኪያ፣ ከድንጋይ የተጠረበ የሚመስል የውሃ ሳህን። “በቀን ሁለት ጊዜ ውሃ እርጩለት፤ ሳህኑም አይጉደል” አለን። ልጄ ይህን ትእዛዝ አንድም ቀን አላጎደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ነገሩ የልጅ ቸልተኝነት እንዳይመስል ነው። የተባለውን በሙሉ አድርገን ነው ልንገድለው የነበረው።

መስከረምና ጥቅምት በሰላም አለፉ። ይበላል፣ ቆዳውን ይገፍፋል፣ ያድጋል። ኅዳር ላይ የመኖሪያ ቤታችን ማሞቂያ በራ።

የዚያ ቀን ሁኔታ

የእስስት ዓይን ሾጠጥ ብሎ እንደ ጉልላት ወደ ውጭ የወጣ ነው፤ አንዱ ወደ ፊት ሲያይ ሌላው ወደ ኋላ ይዞራል። የቃርያ ዓይኖች ግን ወደ ውስጥ ገብተው፣ ዙሪያቸው ጉድጓድ ሠርቶ ነበር። ደግሞ ከድኗቸዋል። ጤነኛ እስስት ቀን ቀን ዓይኑን ከድኖ አይቀመጥም፤ በጠራራ መብራት የሚያንቀላፋ እስስት ታሟል ማለት ነው። እጄን ከሥሩ አስገብቼ ሳነሣው፣ ጣቴን እንደ ፒንሳ የሚቆነጥጠው እግሩ ዛል ብሎ ነካኝ።

ልጄ በየወሩ መጨረሻ በኩሽና ሚዛን ይመዝነዋል። በታኅሣሥ 96 ግራም ነበር፤ ያን ጠዋት 83 ሆነ። አሥራ ሦስት ግራም ምን ያህል ነው ትሉ ይሆናል፤ ከክብደቱ ከ13 በመቶ በላይ ነው። ሰባ ኪሎ የሆነ ሰው በሁለት ሳምንት ዘጠኝ ኪሎ ተኩል ጎድሎ ቢመጣ በእኛ ክፍል ሐኪም እየሮጠ ነው የሚመጣው። ከአምስት ቀን ወዲህ ምግብም አልነካም ነበር።

ከዚያ ኩሱን አየሁት። አንዱ የፕላስቲክ ቅጠል ላይ ደርቆ ቀርቷል። የእስስት ኩስ ሁለት ክፍል አለው፤ ቡናማው የምግብ ቅሪት ነው፤ ከእሱ ጋር የሚወጣው ነጭ ለጥ ያለ ነገር ደግሞ ዩሬት ይባላል፣ ሽንቱ ማለት ነው። እኛ ከፕሮቲን የሚተርፈውን መርዝ ዩሪያ አድርገን በብዙ ውሃ አሟሙተን እናስወጣዋለን። ወፎችና አብዛኞቹ ተሳቢዎች ግን ዩሪክ አሲድ አድርገው እንደ ሊጥ ያወጡታል፤ ውሃ መቆጠቢያ ዘዴያቸው ነው። ነጭ ከሆነ ደህና ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ ቢጫ ጣል ቢያደርግም አያስደነግጥም። የቃርያ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የካሮት ቀለም ይዞ ነበር።

ልጄን “ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?” ብለው “ከገና በፊት ጀምሮ” አለኝ። አይቶታል፤ የምግቡ ቀለም መስሎት ነው ያለፈው። እኔም አይቼዋለሁ። መጥረጊያ ይዤ ጠርጌዋለሁ እኮ!

እዚህ ላይ አንድ ሞኝነት ሠራሁ። እጄ በልማድ ወደ መርፌ አልባ ሲሪንጅ ሄደ፤ ውሃ ሞልቼ አፉን በግድ ልከፍት ታገልኩ። ጠቆረ፣ እንደ እባብ ፉጨት አሰማ፣ ያችኑ የቀረችውን ጉልበት በእኔ ላይ ጨረሳት። ልጄ ስልክ ላይ ሆኖ “እማ አቁሚ! አታድርጉ እያሉ ነው!” ብሎ ጮኸ። የደወለው የእንስሳት ክሊኒክ ነበር። የመተንፈሻው ቀዳዳ እዚያው አፉ ወለል ላይ ስለሚከፈት፣ በግድ የሚገፋ ውሃ ሳንባ ውስጥ መግባት ይቀለዋል። ራሱን ስቶ ለተኛ ሰው ውሃ በአፍ እንደማይሰጥ ለተማሪዎች የማስተምር ሰው ነኝ።

መጀመሪያ የደወልንባቸው ሁለት ክሊኒኮች ውሻና ድመት ብቻ ነው የምናየው አሉ። ሦስተኛው ተሳቢ ያያል፤ የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው። ልጄ ቃርያን ቀዳዳ ባለው የጫማ ካርቶን ውስጥ ከቅርንጫፉ ጋር ጭኑ ላይ አድርጎ ሄድን።

ሐኪሟ የጠየቀችን

ሐኪሟ ወጣት ናት። ከምርመራው በፊት ሦስት ነገር ጠየቀችን። ሌሊት የቤቱ እርጥበት ስንት ነው? የሚሞቅበት ቅርንጫፍ ላይ ስንት ዲግሪ ነው? ውሃ ሲጠጣ አይታችሁት ታውቃላችሁ?

እኔና ልጄ ተያየን። አራት ወር ሙሉ አንድም ቀን ሲጠጣ አላየነውም። ሳህኑ ሙሉ ስለሆነ፣ ቅጠሉም ስለሚረጭ፣ እኛ በሌለንበት ይጠጣል ብለን ነበር። ሰው ሆስፒታል ተኝቶ ቢሆን የጠጣውንና የወጣውን በሚሊ ሊትር ጽፈን ነው የምናድረው።

ለብ ያለ ፈሳሽ ቆዳው ሥር ወጋችው። ሁሉ በሁሉ አንድ ሚሊ ተኩል ነበር፤ ሻይ ማንኪያ አትሞላም። ለእሱ ክብደት ግን ያ ሙሉ ጉሉኮስ ነው። ከጅራቱ ሥር ደም ቀዳች፣ ራጅ አነሣች። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ካልሲየሙ ዝቅ ብሏል፤ ዩሪክ አሲዱ ግን በጣም ከፍ ብሎ ነበር። ሂሳቡ 340 ዶላር ሆነ። ባለቤቴ ማታ ሲሰማ በስልኩ ወደ ብር መንዝሮት ዝም አለ።

የዩሪክ አሲዱን ነገር ሐኪሟ ማስረዳት ስትጀምር ልቤ ቀድሟት ሄዷል። ደም ውስጥ ያለው ውሃ ሲያንስ ዩሪክ አሲዱ ይወፍርና ወደ ጠጠርነት ይለወጣል፤ ኩላሊት ውስጥ፣ መገጣጠሚያ ላይ፣ ከባሰም ልብ ዙሪያ ይቀመጣል። በሰው ላይ ሪህ የምንለው ነው። ልዩነቱ ሰው እግሬን አመመኝ ብሎ ይጮሃል። እስስት ግን በዱር ሕመሙን ያሳየ ቀን የሚበላ እንስሳ ነው፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻዋ ድረስ ደህና መስሎ ይቆማል። ዓይኑን ሲከድን ነገሩ የሳምንታት ነው እንጂ የዚያ ቀን አይደለም።

ምግብ እንዳናስገድደው አስጠነቀቀችን። መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ነው ምግብ፤ የደረቀ አካል ላይ ፕሮቲን መጨመር ለተጎዳው ኩላሊት ሌላ ሸክም ነው። ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍም አይረዳውም፤ ቅርንጫፍ ላይ የሚኖር እንስሳ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚሰማው ፍርሃት ብቻ ነው።

ውሃው የት ገባ?

ያን ሰሞን ከእንቅልፌ ቆርጬ ይህን አንድ ጥያቄ ሳሳድድ ከረምኩ።

ሳህኑ ቀላሉ ነው። እስስት የቆመ ውሃን ውሃ ነው ብሎ አያውቀውም ቢባል ብዙም ስህተት የለው። የሚያውቀው ቅጠል ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያብረቀርቀውን፣ የሚንቀጠቀጠውን ጠብታ ነው። አንዳንዱ ከሳህን መጠጣት ይለምዳል ይባላል፤ ቃርያ ግን አለመደም። የእሱ ሳህን ያገለገለው ለመጸዳጃነትና ለፌንጣ መስጠሚያነት ነው።

ርጭቱ ደግሞ እንዲህ ነው። ልጄ ጠዋት ከመሄዱ በፊትና ከትምህርት ቤት ሲመለስ አሥር አሥር ጊዜ ይረጭለታል፤ ይህ ግማሽ ደቂቃ ይወስድ ይሆናል። እስስት ግን ውሃ ሲነካው መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ያጥባል። ልብ ገዝቶ መጠጣት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከደቂቃዎች በኋላ ነው። እኛ ቤት ደግሞ በዚያ ጊዜ ውሃው የለም። ሰዓት ይዤ ሞከርኩት፤ በማሞቂያው አምፖል ሥር ያሉት ቅጠሎች በሰባት ደቂቃ ደረቁ። የፕላስቲክ ቅጠል እንደ እውነተኛው ጠብታ አይዝም፤ ውሃው ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ይቀራል።

አየሩስ? ቀስት ያለው መለኪያ መስከረምም ጥርም 50 በመቶ ላይ ነበር። ሥራ ላይ ነው ብለን አመንነው። ዐሥራ ሁለት ዶላር ሰጥቼ ባለ ቁጥር መለኪያ ገዛሁ፤ 17 በመቶ አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው፤ የቀስቱን በጣቴ ብመታውም ከ50 ንቅንቅ አላለም።

ይህ የኮሎራዶ ክረምት ያመጣው ነው። ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ የሆነ አየር ጠግቦ እንኳ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ሦስት ግራም ከምናምን የውሃ ተን ነው የሚይዘው። ያንኑ አየር ቤት አስገብተን 21 ዲግሪ ስናሞቀው 18 ግራም የመያዝ አቅም ይኖረዋል፤ የያዘው ግን ያችኑ ሦስት ግራም ነው። ስለዚህ የጎደለውን ካገኘው ሁሉ ይመጥጣል፤ ከከንፈራችን፣ ከእንጀራው፣ ከእስስቱ ሳንባ። ኅዳር ላይ እጄ መሰነጣጠቅ ሲጀምር ቅባት ገዛሁ። ከሳሎን ጥግ ያለው ምን እንደሚቀባ አላሰብኩም።

ከሁሉ የከፋው ሌሊቱ ነበር። የመን ሲባል ሰው በረሃ ነው የሚያስበው፤ እኔም እንደዚያው። የቃርያ ዘመዶች ግን የሚበዙት በምዕራቡ ተራራማ አካባቢና በሸለቆዎቹ ነው፤ ዝናብ በሌለበት ወር እንኳ ሌሊት ጉም የሚወጣበት፣ ንጋት ላይ ቅጠሉ በጤዛ የሚርስበት አገር ነው። ሰንዓ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,250 ሜትር አካባቢ ናት፤ አዲስ አበባን ያወቀ የዚያን ሌሊት ቅዝቃዜ መገመት አያቅተውም። እንስሳው ቀን በፀሐይ ይደርቃል፤ ሌሊት እርጥብ ቀዝቃዛ አየር እየሳበ፣ ተጨማሪ ውሃ ሳያጣ ያድራል፤ ንጋት ላይ ጤዛ ይልሳል። እኛ ግን ቀኑንም ሌሊቱንም አደረቅንበት። ቀን የሚጠጣው የለም፤ ሌሊት በእያንዳንዷ ትንፋሽ ከሰውነቱ ይወጣል።

በዚያ ላይ የሚሞቅበት ቅርንጫፍ 38 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። ለዚህ ዝርያ ወንድ 30 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። ዕቃው ሁሉ ሲደመር እስስት ማኖሪያ ሳይሆን ቋንጣ ማድረቂያ ነበር።

ያስተካከልነው

ሽቦ ቤቱን ቀየርን፤ 60 በ60 በ120 ሴንቲ ሜትር። ሦስቱን ጎን በሚያሳይ ፕላስቲክ ሸፈንን፤ ፊቱንና ጣሪያውን ሽቦ አድርገን ተውነው፤ እርጥበቱ እንዲቆይ፣ አየሩ ግን እንዳይታፈን። የፕላስቲኩን ቅጠል ጥለን ፖቶስ፣ ሸፍሌራና ሂቢስከስ ተከልን። የየመን እስስት ቅጠል ስለሚበላ ተክሉ መርዝ የተረጨበት መሆን የለበትም፤ አፈሩን ሁሉ አጥበን ነው ያስገባነው።

ማሞቂያውን ወደ 60 ዋት አወረድን። ጥቅልሉን አምፖል ቲ5 የሚባል ረጅም ባለ 6 በመቶ የአልትራቫዮሌት ቱቦ መብራት ተካው፤ ካልሲየሙ ለዚህ ነበር ዝቅ ያለው። ያለ በቂ አልትራቫዮሌት ሰውነቱ ቫይታሚን ዲ አይሠራም፤ ያለ ቫይታሚን ዲ ደግሞ የበላው ካልሲየም አይጠቅመውም። ይህ ራሱን የቻለ ረጅም ታሪክ ስለሆነ አልፈዋለሁ። መብራቱ እየበራም አልትራቫዮሌቱ እየደከመ ስለሚሄድ በዓመት አንዴ መቀየር እንዳለበት ብቻ ልጨምር።

ከዚያ ወደ ውሃው መጣን። በፓምፕ የሚሠራ ርጭት ገጠምን፤ ጠዋት መብራት ከመብራቱ በፊት ሁለት ደቂቃ፣ ማታ መብራት እንደጠፋ ሁለት ደቂቃ። መብራት በሌለበት ቅጠሉ ቶሎ አይደርቅም፤ ሲነጋ ጤዛ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ለቀኑ ደግሞ ጉሉኮስ ሰቀልኩለት። ቀልዴን አይደለም። አዲስ የጉሉኮስ ቱቦ በአራት ዶላር ገዛሁ፤ ከሥራ ቦታ እንዳላመጣሁት ይመዝገብልኝ። ንጹሕ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከቤቱ በላይ ሰቅዬ፣ በመቆጣጠሪያዋ ጎማ በአራት ሴኮንድ አንድ ጠብታ እንዲወርድ አደረግሁት። የእኔ ቱቦ በ15 ጠብታ አንድ ሚሊ ስለሚሰጥ በሰዓት 60 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ጠብታው የሚያርፈው ፖቶሱ ላይ ነው፤ ከቅጠል ቅጠል እየወረደ ከሥር ያለ ባልዲ ውስጥ ይገባል። ልጄ ጓደኞቹን እየጠራ ያሳየዋል፤ “እናቴ እስስታችንን አስተኝታዋለች” ይላቸዋል።

ሌሊቱን የያዘው የጉም ማሽን ነው፤ ውሃን በድምፅ ንዝረት ወደ ጉም የሚቀይር። ዓላማው ንጋት ድረስ እርጥበቱን ወደ 90 በመቶ ማድረስ ነው። ይህ የሚሠራው ግን ቤቱ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ ሙቀትና ጉም ከተገናኙ የሳንባ ኢንፌክሽን ይጋብዛሉ። ስለዚህ ሌሊት የመኖሪያ ቤታችንን ማሞቂያ ወደ 18 ዲግሪ እናወርዳለን። ባለቤቴ አሜሪካ ከገባ ጀምሮ ያልነካውን ጋቢ አውጥቶ፣ “ለእስስት ብዬ ብርድ ልሙት?” እያለ ተጠቅልሎበት ይተኛል። ማሽኑን በየሳምንቱ ማጠብ ግድ ነው፤ የቆየ ውሃ የሚያስነሣው ጉም ባክቴሪያም ይዞ ይነሣል። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ነጭ አቧራ ስለሚተው የተጣራ ውሃ ነው የምንገዛለት።

እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ስህተት የተፈጠረው። ማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት ለጥፌ ነበር፦ “ጉም ከ9 እስከ 12”። እኔ ያሰብኩት ሌሊት 9 ሰዓት፣ ልክ አገር ቤት ጤዛው የሚከብድበትን ሰዓት ነው። ልጄ እዚህ የተወለደ ነው፤ ታይመሩን ከጠዋቱ 9 እስከ ቀትር 12 በአሜሪካ አቆጣጠር ሞላው። አራት ቀን ሙሉ፣ እኔ ከሥራ መጥቼ በተኛሁበት፣ እሱ ትምህርት ቤት በሄደበት፣ ማሞቂያ አምፖሉ በርቶ ጉሙ ይነፋ ነበር። ቅዳሜ ለውሃ ተነሥቼ ሳሎን ስገባ ሽቦ ቤቱ ሻወር የተከፈተበት ይመስላል፤ መለኪያው 30 ዲግሪና 88 በመቶ ይላል። ማሽኑን ከሶኬቱ ነቀልኩት። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ጆሮዬን ሽቦው ላይ ለጥፌ ትንፋሹን አዳመጥኩ፤ አፉን ከፍቶ እንደሆነ፣ አፍንጫው ላይ አረፋ እንዳለ አየሁ። አልታመመም። ዕድላችን ነው።

ምግቡ ብዙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ምግቡ የሚበላው ነው። በረሮዎቹና ፌንጣዎቹ ለቃርያ ከመሰጠታቸው በፊት ጎመን፣ ካሮትና ብርቱካን ይበላሉ፤ ካልሲየም ዱቄት ይነሰነስባቸዋል። አዎ፣ በረሮ እንገዛለን፤ ዱቢያ የሚባል። አዲስ አበባ ሳለሁ ስንት ሌሊት በጫማ ሳሳድደው የኖርኩት በረሮ አሁን በፖስታ ይመጣልኛል፣ በዶላር። አረንጓዴ ቀንዳም አባጨጓሬ ደግሞ ከክብደቱ 85 በመቶ ያህሉ ውሃ ስለሆነ በማገገሚያው ሰሞን ጠቅሞታል። ውሃውን ግን አይተካም።

ይህን ታሪክ ስነግራት አዲስ አበባ ያለች የአክስቴ ልጅ፣ ከጓሮዬ አጥር አንዷን ይዤ ላሳድግ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ተያት አልኳት። የእኛ ደጋ እስስት፣ ትሪዮሴሮስ አፊኒስ የምትባለው፣ እንቁላል እንኳ አትጥልም፤ ልጆቿን ትወልዳለች። የለመደችው የአጥሩን ጤዛና የደጋውን ብርድ ነው፤ ባሌ ሐረና ደን ውስጥ ካሉት የእስስት ዝርያዎች አንዳንዶቹ ደግሞ ከዚያ አካባቢ ሌላ አገር የላቸውም። የዱር እስስት ከአገር ማውጣትም ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ ሳይቴስ በተባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዳቸው ቁጥጥር ይደረግበታል። የቃርያ ነገር ሌላ ነው፤ የሚመለስበት ተራራ የለውም።

ደብተሩ

ልጄ ከሐኪም በተመለስን ቀን አንድ የሒሳብ ደብተር ወስዶ መስመር አሰመረ፤ ቀን፣ ክብደት፣ የዩሬት ቀለም፣ “ሲጠጣ ታይቷል/አልታየም”። የሕመምተኛ መዝገብ አያያዝ አላስተማርኩትም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ጉሉኮሱ መንጠባጠብ ከጀመረ ሩብ ሰዓት አልፎታል፣ ልጄ በሹክሹክታ ጠራኝ። ቃርያ ወደ ፖቶሱ ዞሯል። አንዱ ዓይኑ እኛ ላይ ነው፤ ሌላው ቅጠሉ ጫፍ ላይ እያበጠች ባለችው ጠብታ ላይ። ጠብታዋ ወደቀች። ሁለተኛዋም ወደቀች። ሦስተኛዋ ስትደርስ አፍንጫውን አስጠግቶ የላይኛውን ከንፈሩን ቅጠሉ ላይ አሳረፈ። ከዚያ መንጋጋው ሲያኝክ እንደሚሆነው በዝግታ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ጉሮሮው ሥር ያለችው ቆዳ ከፍ ዝቅ አለች። ዓይኑን ከእኛ ላይ አነሣ። ሁለታችንም ትንፋሽ ይዘን ቆመን ነበር። ልጄ በስልኩ ሰዓት ያዘ፤ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ጠጣ።

ምግብ የያዘው በስድስተኛው ቀን ነው፤ አንድ አባጨጓሬ። በዐሥረኛው ቀን ክብደቱ 88 ሆነ፤ ዩሬቱ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ብርቱካንማ። በወሩ 93። እኛ ሁዳዴ ስንጾም እሱ ስቡን መለሰ፤ ለፋሲካ 104 ግራም ገባ። አባቱ “የፋሲካው በግ እሱ ነው” አለ፤ ልጄ አልሳቀም።

በስምንተኛው ሳምንት ሐኪሟ ደሙን ደግማ አየች። ዩሪክ አሲዱ በግማሽ ወርዷል፤ ግን አሁንም ከሚገባው በላይ ነው። ከኩላሊቱ የተወሰነው ላይመለስ ይችላል አለች፤ በየስድስት ወሩ እናየዋለን። እንዲህ ያለ ወንድ በደንብ ከተያዘ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ሊኖር ይችላል። ቃርያ ያን ያህል ይኑር አይኑር አልጠየቅኋትም። ይህን ጥያቄ ከሕሙማን ቤተሰቦች በየሳምንቱ እሰማዋለሁ፤ መልሱ እንዴት እንደሚሰጥም አውቃለሁ።

አሁን ደብተሩ ሁለተኛው ነው። የቀለሙ መስመር ላይ ብዙው “ነጭ” ይላል፤ አልፎ አልፎ “ትንሽ ቢጫ” የሚል ቀን አለ፤ ያን ቀን ማሽኑን እንፈትሻለን፣ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ የመርጫ ቀዳዳ ተደፍኖ እናገኘዋለን። ታይመሩ ላይ ደግሞ በልጄ የተንጋደደ ፊደል የተጻፈ ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል፦ “ሌሊት 9 ሰዓት ማለት 3 ኤኤም ነው። የእማ ሰዓት።”